የሌላውን መልእክት ማን ይሸከማል?

ጎኑ የተባለው ዐውሎ ነፋስ በጁን 2007 የኦማንን ጠረፍ ሲመታ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዓረብ ባሕር እስከዚያን ጊዜ ከተመዘገቡት ዐውሎ ነፋሶች ሁሉ የበረታ ነበር። በሀገሪቱ 50 ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ፣ የጠፋው ንብረት ወደ 4 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተገምቷል። በሙስካት ከመዲናት ሱልጣን ቃቡስ ጋር የሚጎራበተው የቁሩም ሰፈር ከተራሮቹ በወረደው የዋዲ ጎርፍ ተጥለቀለቀ። መንገዶች ተቆረጡ፤ የባሕር ውኃ የሚያጣሩት ጣቢያዎች በመቆማቸው ነዋሪው ውኃ በቦቴ ይታደለው ጀመር፤ መብራትና ስልክም በብዙ ቦታ ተቋረጡ። ከ14 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 2021፣ ሻሂን የተባለው ሌላ ዐውሎ ነፋስ በሰሜን በኩል በአል-ባጢና ጠረፍ ገብቶ በሱወይቅና በኻቡራ አካባቢ ያሉ መንደሮችን በጎርፍ መታ።

በእንዲህ ያለ ቀን በሰው እጅ ያለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ባትሪው ይሠራል፣ አንቴናው ይሠራል፣ መልእክት የሚጻፍበት ሰሌዳም በቦታው አለ። የሚጠፋው ማማው ነው። የኔትወርክ ማማ ከመብራት መስመር ኃይል ያገኛል፤ መብራት ሲጠፋ በመጠባበቂያ ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ጀነሬተር ቢኖረውም ነዳጅ የሚያደርስ መኪና በጎርፍ መካከል አያልፍም። ማማውን ከዋናው ጣቢያ ጋር የሚያገናኘው ገመድ ከተበጠሰ ደግሞ መብራቱ ቢኖርም ጥቅም የለውም። በአንድ ሰፈር ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጤነኛ ስልኮች በአንድ ማማ ሞት ምክንያት ድዳ ይሆናሉ። በድንጋያማ ኮረብታዎች መካከል በተዘረጋው በመዲናት ሱልጣን ቃቡስ፣ በአንዱ ቪላ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት እኅት ከኮረብታው ማዶ ያለችውን የአክስቷን ልጅ ደኅንነት ለመጠየቅ፣ ወይም ወሎና ጅማ ላሉ ወላጆቿ «ደኅና ነኝ» ለማለት ያላት ብቸኛ መንገድ ይኸው ስልክ ነው።

ስልኮቹ ማማውን ትተው እርስ በርስ መነጋገር ይችሉ ይሆን? ይችላሉ። ብሉቱዝ በአሥር ሜትሮች፣ ዋይ-ፋይ ደግሞ ከዚያ ራቅ ባለ ርቀት ከአንድ ስልክ ወደ ሌላው መልእክት ያደርሳል። አንዱ ስልክ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱም ለቀጣዩ እያቀበለ ከሄደ መልእክቱ ኮረብታውን ዞሮ ማዶ ይደርሳል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት የሬድዮ ጣቢያዎች መልእክት እየተቀባበሉ የሚያደርሱበትን ዘዴ በተንቀሳቃሽ መኪና ላይ ጭምር ፈትኗል። ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት አሥርት ዓመታት የመሐንዲሶቹን ጥያቄዎች አብዛኞቹን መልሰዋል፤ መንገዱ እንዴት እንደሚፈለግ፣ አንዱ አቀባይ ሲሄድ በምን እንደሚተካ፣ ሁለት ስልኮች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ማን እንደሚቆም ይታወቃል። ያልተመለሰው ጥያቄ ከሬድዮ ሞገድ ጋር ግንኙነት የለውም። የማላውቀውን ሰው መልእክት ለማድረስ የኔ ባትሪ ለምን ይለቅ የሚለው የባለቤቱ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ስስት ቢመስልም ሒሳብ አለው። መልእክቶች በአማካይ አምስት ጊዜ እየተላለፉ ከባለቤታቸው ዘንድ የሚደርሱ ቢሆን፣ ከአምስቱ አንዱን የሚልከው ባለቤቱ ራሱ ሲሆን አራቱን የሚልኩት ሌሎች ናቸው። ሸክሙ ለሁሉም እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ ስልክ ለመላክ ከሚያወጣው ኃይል 80 በመቶው ለሌላ ሰው ጉዳይ ይውላል ማለት ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ የቀረችው ባትሪ 15 በመቶ በሆነችበት ሰዓት፣ ይህ ቀላል መዋጮ አይደለም። ሁሉም ሰው እንዲህ አስቦ ስልኩን ከቅብብሎሹ ቢያወጣ ግን የማንም መልእክት አይደርስም፤ የቆጣቢው ጭምር።

የዚህ ዓይነት ቅብብሎሽ በአፋር ምድር ከሬድዮ በፊት ነበር፤ ዛሬም አለ። ዳጉ ይባላል። ሁለት አፋሮች በበረሃ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም፤ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ዘነበ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ የት ግጭት ተነሣ፣ ገበያው እንዴት ነው ይባባላሉ። ቸኩሎ ያለ መንገደኛም ቢሆን ዳጉ ሲጠየቅ እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰሚውም ዝም ብሎ አይቀበልም፤ «በዓይንህ አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከማን ሰማኸው?» ብሎ ይመረምራል። የሐሰት ወሬ ያሠራጨ ሰው በጎሳው ሽማግሌዎች ይጠየቃል፣ ቅጣትም ይጠብቀዋል። ሁለቱ ሲለያዩ እያንዳንዳቸው የሁለቱን ወሬ ይዘው ይሄዳሉ። በዚህ መንገድ ወሬ ስልክና መኪና በሌለበት ሰፊ በረሃ ውስጥ ሰው በሚገርም ፍጥነት ይደርሳል።

የኮምፒዩተር ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ሥርዓት «መዘግየትን የሚታገሥ ኔትወርክ» ብለው ይጠሩታል፤ መልእክቱ ወዲያውኑ ባይደርስም ተሸካሚው ይዞት ይቆይና ቀጣዩን ተቀባይ ሲያገኝ ያስረክባል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በኬንያ በሜዳ አህዮች አንገት ላይ መሣሪያ አስረው እንስሳቱ በተገናኙ ቁጥር መረጃ እንዲለዋወጡ አድርገዋል። የሜዳ አህያ ግን ባትሪዬ አለቀ ብላ አትከራከርም፤ መሣሪያዎቹ ሁሉ የአንድ ባለቤት ስለነበሩ የፈቃደኝነት ጥያቄ አልተነሣም። የጦር ሠራዊት ሬድዮም እንዲሁ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሺህ ስልክ ሺህ ባለቤት ሲኖረው ነው።

ዳጉ ሺህ ባለቤት እያለው የሚሠራበት ምክንያት ከሥነ ምግባሩ በተጨማሪ አንድ ቀላል ነገር አለው፤ ተሸካሚው የሚሸከመውን ያውቀዋል። ዝናብ የት እንደዘነበ ለሌላው የሚያደርስ እረኛ ራሱም መንጋውን ወዴት እንደሚነዳ በዚያው ወሬ ይማራል። ደመወዙ መልእክቱ ውስጥ ነው። በስልክ ቅብብሎሽ ግን ይህ ደመወዝ ተነሥቷል፤ መነሣትም ነበረበት። አንዲት እኅት ለእናቷ የምትጽፈው ነገር በመንገድ ላይ ባለ ባዕድ ስልክ እንዳይነበብ በምስጠራ ይቆለፋል። ቁልፉ ያለው በላኪዋና በተቀባይዋ እጅ ብቻ ነው። ተሸካሚው የሚያገኘው የማይከፈት ሳጥን ነው፤ ከሳጥኑ አንድም ነገር ሳይማር ክብደቱን ብቻ ይሸከማል። ስለ መሣሪያዎች ትብብር ላለፉት ሃያ አምስት ዓመታት የተጻፈው ነገር ሁሉ በአጭሩ ይህን የጠፋ ደመወዝ በምን እንተካው የሚል ነው ማለት ይቻላል።

ለዚህ አንዱ መልስ ገንዘብ ነው። በስዊዘርላንድ የሎዛን የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሌቨንቴ ቡቲያንና ዣን-ፒየር ሁቦ ከ2000 ጀምሮ ባወጧቸው ጥናቶች «ናግሌት» የሚል ስም ያለው ምናባዊ ሳንቲም አቀረቡ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ ባለቤቱ ሊነካካው የማይችል ቆጣሪ ይኖራል። መሣሪያው የሌላውን መልእክት ባስተላለፈ ቁጥር ቆጣሪው በአንድ ይጨምራል፤ የራሱን መልእክት ሲልክ ደግሞ በመንገዱ ላይ ባሉት አቀባዮች ቁጥር ልክ ይቀነሳል። ቆጣሪው ከባዶ በታች እንዲወርድ ስለማይፈቀድ መላክ የሚፈልግ ሁሉ አስቀድሞ ማገልገል አለበት። በ2003 በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ሼንግ ዦንግና ባልደረቦቹ ያቀረቡት «ስፕራይት» የተባለው ዘዴ ደግሞ የማይነካካውን ቆጣሪ አስቀርቶ በደረሰኝ ተካው፤ እያንዳንዱ ስልክ ያስተላለፈውን መልእክት ደረሰኝ ያስቀምጥና ኔትወርክ ሲመለስ ለአንድ ማዕከላዊ ሒሳብ ሠሪ ያቀርባል፤ ክፍያውና ዕዳው እዚያ ይወራረዳል።

በወረቀት ላይ ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ከኮረብታ ጥግ ሆኖ ሲታይ ግን የተለየ ነገር ይታያል። ቅብብሎሽ የሚበዛው በመሐል ባለ ስልክ ላይ ነው። በገበያ መካከል፣ በመስጊድ አጠገብ፣ በዋናው መንገድ ዳር ያለ ስልክ ሁሉም መልእክት በእርሱ በኩል ስለሚያልፍ ሳንቲም ይሰበስባል። በመንገዱ መጨረሻ ባለች የመጨረሻዋ ቪላ ውስጥ ያለ ስልክ ግን ከእርሱ ወዲያ ሰው ስለሌለ የሚያስተላልፈው መልእክት አያገኝም። ማገልገል ጠልቶ ሳይሆን የሚያገለግለው አጥቶ ቆጣሪው ባዶ ይሆናል፤ ከሁሉም ይልቅ እርዳታ የሚያስፈልገው ግን ያ ከዳር ያለው ነው። ይህ ጉድለት ለራሳቸው ለተመራማሪዎቹም የተሰወረ አልነበረም፤ ለዳር ነዋሪው ከሌላ ቦታ ሳንቲም የሚሰጥበትን መንገድ ማሰብ ግድ ሆኖባቸዋል።

ሌላው መልስ ዝና ነው። በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰርጂዮ ማርቲና ሦስት ባልደረቦቹ «ዘበኛ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጡትን ዘዴ አሳዩ። አንድ ስልክ መልእክቱን ለጎረቤቱ ከሰጠ በኋላ ጆሮውን ከፍቶ ጎረቤቱ በእርግጥ ወደ ቀጣዩ ማስተላለፉን ያዳምጣል፤ ደጋግሞ ካላስተላለፈ ስሙን ይመዘግብና በሌላ ጊዜ መንገዱን በሌላ በኩል ያደርጋል። በኮምፒዩተር በተደረገው ሙከራ ከመሣሪያዎቹ 40 በመቶዎቹ የማይታመኑ ሆነው፣ ስልኮቹ በመጠኑ እየተንቀሳቀሱ ሳለ፣ የደረሱት መልእክቶች መጠን በ17 በመቶ አድጓል። ዋጋም ነበረው፤ መንገድ ለመፈለግና ለመጠበቅ የሚባክነው ልውውጥ ከ9 ወደ 17 በመቶ ወጣ። አንባቢ ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። እምቢተኛው የተቀጣው ሥራ በማጣት ነው። መልእክት በእርሱ በኩል አያልፍም፣ የእርሱ መልእክት ግን እንደ ወትሮው ይሄድለታል። ለሰነፍ ከዚህ የተሻለ ሽልማት የለም።

ይህን ለማረም በ2002 ሶንያ ቡኬገርና ዣን-ኢቭ ለ ቡዴክ፣ እነርሱም በሎዛን፣ ስልኮች ስለ እምቢተኛው እርስ በርስ እንዲነጋገሩና መልእክቱን ሁሉም እንዲነፍጉት የሚያደርግ ሥርዓት አቀረቡ። ነገር ግን ስልኮች ማማት ሲጀምሩ ሐሜቱም ይመጣል። ተንኮለኛ ስልክ ንጹሑን «አላስተላለፈም» ብሎ ቢከስስስ? ሬድዮው በግድግዳ ተጋርዶበት ያልተሰማው ጎረቤት እንደ ከዳተኛ ቢቆጠርስ? የሙስሊም አንባቢ የሁጁራት ምዕራፍ ታማኝ ያልሆነ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ማጣራትን እንደሚያዝ ያስታውሳል፤ በዳጉም «በዓይንህ አየኸው?» የሚለው ጥያቄ ለዚሁ ነው። ተመራማሪዎቹም በኋላ የደረሱበት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ራስ ያየው ምስክርነት ከተሰማው በላይ እንዲመዝን፣ የተሰማውም ቀድሞ ከታወቀው ጋር የሚጣጣም ካልሆነ እንዳይቆጠር ማድረግ ነበረባቸው።

ከዚህ ቀደም ብሎ የሚጠቀስ ሌላ መልስም አለ። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ ሮበርት አክሰልሮድ በ1980 አካባቢ ባካሄደው የኮምፒዩተር ውድድር፣ መጀመሪያ ተባብሮ ከዚያ በኋላ ሌላው ያደረገለትን ብቻ የሚመልሰው አጭር ፕሮግራም አሸንፎ ነበር። ብድር የሚመላለሰው ግን ዳግመኛ ለሚገናኙ ሰዎች ነው። በአውቶቡስ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ የተጎራበቱ ሁለት ስልኮች ዕድሜ ልካቸውን ላይገናኙ ይችላሉ።

በእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ውስጥ አንድ የማይታይ ግምት አለ። ራስ ወዳዱ ሰው ፕሮግራም የሚያውቅ፣ የስልኩን የውስጥ አሠራር ለውጦ የሚያጭበረብር ብልጥ ተደርጎ ተሥሏል። በእውነተኛው ዓለም ያለው እምቢተኛ ግን እንዲህ አይለፋም፤ ብሉቱዙን ያጠፋል፣ ወይም መተግበሪያውን ጭራሽ አይጭነውም። የማይነካካ ቆጣሪም ሆነ ዘበኛ ይህን ሰው አያገኘውም።

የሩቅ ምሳሌ መፈለግ አያስፈልግም። በ2008 አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ለሕፃናት የተሠሩ ትንንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። የአሜሪካው «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» ፕሮግራም ያዘጋጃቸው እነዚህ መሣሪያዎች እርስ በርስ መልእክት እንዲቀባበሉ የታሰቡ ነበሩ፤ የሬድዮ ክፍላቸው ዋናው ኮምፒዩተር ተኝቶ ሳለ እንኳ ነቅቶ የጓደኛን መልእክት እንዲያሳልፍ ተደርጎ ተነድፏል። ሕፃኑን ፈቃድ የሚጠይቀው ማንም የለም፤ ትብብሩ በፋብሪካ ተሰፍቶ መጥቷል። ሐሳቡ መልካም ነበር። በተግባር ግን ብዙ ላፕቶፖች በአንድ ክፍል ሲከማቹ ሞገዱ ተጨናነቀ። መብራት ባልተዘረጋበት የገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ እያንዳንዷ የባትሪ ጠብታ የምትቆጠር ናት። የፕሮግራሙ ኋለኞቹ ሞዴሎች ይህን ቅብብሎሽ ትተውታል።

ትብብር በፋብሪካ ተሰፍቶ የተሳካበትም አለ፤ ብዙ አንባቢ ሳያውቀው በኪሱ ይዞታል። አፕል ከ2019፣ ጉግል ደግሞ ከ2024 ጀምሮ የዘረጉት የጠፋ ዕቃ መፈለጊያ ኔትወርክ የሚሠራው በባዕዳን ስልኮች ነው። የጠፋው ስልክ ወይም ቁልፍ ላይ የተንጠለጠለው መለያ ደካማ የብሉቱዝ ድምፅ ያሰማል፤ በአጠገቡ የሚያልፍ የማያውቀው ሰው ስልክ ድምፁን ሰምቶ «እዚህ አካባቢ አለ» የሚል የተቆለፈ መልእክት ለባለቤቱ ያደርሳል። አሳላፊው የማንን ዕቃ እንዳሳለፈ አያውቅም፤ ኩባንያውም ቦታውን ሊያነብ አይችልም ይባላል። ሳንቲም የለ፣ ዘበኛ የለ፣ ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ስልኮች በየቀኑ ይህን ይሠራሉ። ለምን ተሳካ? ሸክሙ ከትንሽ በታች ትንሽ ነው፤ ባለቤቱ ባትሪው ሲቀንስ አያየውም። ሲገዛው ጀምሮ ተከፍቶ ነው የሚመጣው። ደግሞም ዕቃው ነገ የሚጠፋው ማን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ ሁሉም ተሸካሚ ሁሉም ባለጉዳይ ነው።

በዚህ አካባቢ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ያለ ስልክም ይህን ሥርዓት ያውቀዋል፤ ስሙ አደራ ነው። ወደ ሀገር የሚገባ ሰው ሲገኝ የመድኃኒት ጥቅል፣ የታሸገ ወረቀት፣ ለእናት የተላከ ሻል ይሰጠዋል። ተሸካሚው ፖስታውን አይከፍትም፣ ሒሳብም አይጠይቅም። ነገ በተራው ላኪ እንደሚሆን ያውቃል፤ የአማና ሸክም ከአላህ ዘንድ እንደሚያስጠይቅም ያውቃል። የአደራ ወሰንም ግን ይታወቃል። የማያውቁትን ሰው ያልተፈተሸ ሻንጣ በአውሮፕላን ማረፊያ ይዞ መገኘት ስንቱን ንጹሕ ሰው ለእስር እንደዳረገ ያልሰማ የለም። የተቆለፈ መልእክት የሚያሳልፍ ስልክ ባለቤትም ይኸው ፍርሃት ቢያድርበት አይፈረድበትም፤ በእኔ ስልክ ምን ዓይነት ነገር ያልፍ ይሆን ይላል። ለዚህ ንድፍ አውጪዎቹ የሚሰጡት መልስ መልእክቱን አጭር ማድረግ፣ የሚቆይበትን ሰዓት መገደብና የሚያልፍባቸውን እጆች መቁጠር ነው። በጁላይ 2025 በጃክ ዶርሲ ይፋ የተደረገው «ቢትቻት» የተባለው የብሉቱዝ መተግበሪያ ለምሳሌ አንድን መልእክት ከ7 ቅብብሎሽ በላይ አያሻግርም።

ከአደራ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የቀረበው ምሳሌ ግን በኦማን መሬት ውስጥ ይፈስሳል። አፍላጅ የሚባሉት የውኃ ቦዮች በተራሮች ሥር ካለ ምንጭ ተነሥተው በመሬት ስበት ብቻ እየወረዱ መንደሮችንና የቴምር እርሻዎችን ያጠጣሉ። ወደ 3 ሺህ የሚጠጉት ዛሬም በአገልግሎት ላይ ናቸው፤ ዩኔስኮ በ2006 ከእነርሱ አምስቱን፣ በኒዝዋ ያለውን ፈለጅ ዳሪስን ጨምሮ፣ በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። ፈለጅ የማንም ብቻ አይደለም። የእርሻ ውኃው በሰዓት ድርሻ ይከፋፈላል፤ አሠር የሚባለው ድርሻ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በቀን በፀሐይ ጥላ፣ በሌሊት በከዋክብት ይቆጠር ነበር። ወኪል የሚባለው ኃላፊ ሒሳቡን ይይዛል፣ የጥገናውን ወጪ ከድርሻ ኪራይ ያወጣል። ሒሳቡ ጥብቅ ነው፤ ግን የሚጀምረው ከመንደሩ በታች ነው። ውኃው መጀመሪያ ብቅ የሚልበት ቦታ ለመጠጥ የተተወ ነው፤ መንደርተኛውም መንገደኛውም ያለ ድርሻና ያለ ክፍያ ይጠጣል። ከዚያ መስጊዱና መታጠቢያው ይከተላሉ። ቆጠራው የሚመጣው ውኃው ወደ እርሻ ሲዞር ነው።

በናግሌት ሒሳብ የጎደለው ይህ ቅደም ተከተል ነው። ቆጣሪው «ቤቱ ውኃ ገባበት፣ ሦስት ሰዎች ጣሪያ ላይ ነን» የሚለውን መልእክትና የሠርግ ቪዲዮን በአንድ ዓይን ያያል፤ ለሁለቱም ሳንቲም ይጠይቃል። የፈለጅ ሥርዓት ቢከተል የጭንቅ ቃል፣ አጭር እስከሆነ ድረስ፣ ከዳር ካለው ባዶ ቆጣሪም ቢሆን አስቀድሞ ያልፋል፤ ሒሳቡ ለሌላው ይቀራል። የጭንቅ መልእክት ጥቂት ፊደል ስለሆነ ባትሪ አይጎዳም፤ ቪዲዮውን ግን ማንም በነጻ ሊሸከም አይገደድም። የሐሰት የድረሱልኝ ጥሪ የሚያበዛ እንደሚኖር አይካድም። እርሱን ለመያዝ ግን አንድ ስልክ በቀን የሚልከውን የጭንቅ መልእክት ቁጥር መገደብ ይበቃል። እውነተኛውን ጠሪ በሳንቲም እጦት ከመዝጋት ይህ ይሻላል።

በትልልቆቹ ኔትወርኮች ይህ በከፊል ተለምዷል። በዓለም አቀፉ የሞባይል አሠራር አንድ ስልክ የራሱ ኩባንያ ማማ ሲጠፋበት የአደጋ ጊዜ ጥሪውን በተፎካካሪው ኩባንያ ማማ በኩል ማድረግ ይችላል። በዩክሬን ጦርነት ጊዜ፣ በማርች 2022፣ ሦስቱ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ማማዎቻቸውን ለአንዱ ለሌላው ደንበኞች ጭምር ከፍተው ነበር። የሞባይል ደረጃዎችን የሚያወጣው 3ጂፒፒ የተባለው አካልም ከ2016 ጀምሮ አንድ ስልክ ከማማ ክልል ውጭ ላለ ሌላ ስልክ አቀባይ የሚሆንበትን ደንብ አስቀምጧል፤ መጀመሪያ ለእሳት አደጋና ለፖሊስ ሠራተኞች፣ ኋላም ሰፋ አድርጎ። በተራ ሰው ኪስ ያሉት ስልኮች ግን በአብዛኛው ይህን ገና አይሠሩም። ደንቡ ስለ ሞገዱ ብዙ ሲናገር የባለቤቱን ባትሪ ማን እንደሚክስ ግን ለኩባንያዎቹ ትቶታል።

እስከዚያው ድረስ የዐውሎ ነፋስ ወቅት ሳይደርስ ሊደረግ የሚችለው ትንሽ ቢሆንም ባዶ አይደለም። በብሉቱዝ የሚሠራ መተግበሪያ ኔትወርክ ከጠፋ በኋላ ማውረድ አይቻልም፤ ቀድሞ መጫንና በአንድ ግቢ ካሉ ሰዎች ጋር ስልኮቹን ከኔትወርክ አውጥቶ መሞከር ያስፈልጋል። ሁለት ሰው ብቻ የጫነው መተግበሪያ ከግቢው አጥር አያልፍም፤ በአንድ መንገድ ላይ ባሉ ቤቶች ግማሹ ከጫነው ግን ሊያልፍ ይችላል። ስለ ምስጢሩም መጠንቀቅ ይገባል፤ «ብሪጅፋይ» የተባለው ታዋቂ መተግበሪያ በ2020 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲመረመር የሰዎችን ማንነትና መልእክት የሚያጋልጡ ክፍተቶች ተገኝተውበታል፤ ስለዚህ የፓስፖርት ቁጥርና የባንክ ነገር በእንዲህ ያለ መንገድ አይላክም። ማማ ባለበት ሁሉ የመጀመሪያው ጥሪ ወደ 9999፣ ወደ ሮያል ኦማን ፖሊስ ነው። ማማ በሌለበት ግን ስም፣ የቤቱ ቦታና የሰዎቹ ቁጥር ብቻ ያለበት አንድ አጭር መስመር ከረዥም ጽሑፍ ይልቅ በጎረቤት ባትሪ ላይ ርቆ ይሄዳል።